የደብዳቤ አጻጻፍ ሥርዐት በሐረር፤ ጥንትና ዛሬ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ነገር ግን በጽሑፍ ያለ ነገር የሚሰማውና የሚወረሰው በሥርዐቱ ሲጻፍ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። ላኪው የማይታወቅ፣ ቀን የሌለው፣ ለማን እንደ ተጻፈ የማይገልጽ ወረቀት፣ በጽሑፍ ቢኖርም እንኳ ከተረሳ ቃል አይሻልም።

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ደብዳቤ ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ የተነሣነው ስለዚህ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚህ ግቢ ወጥተን አንዳንዳችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌሎቻችን ወደ ሥራ እንበተናለን። ያን ጊዜ ማመልከቻ የሚጽፍልን አስተማሪ፣ ለወላጆቻችን ቃላችንን የሚያደርስ ጎረቤት አይኖረንም። በገዛ እጃችን መጻፍ ግድ ይሆንብናል። ለዚህም የሚሆን ትምህርት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የምንኖርባት ሐረር የዓረብኛው፣ የአማርኛውና የአውሮፓው የደብዳቤ ሥርዐት የተገናኙባት ከተማ ናትና ታሪኳ ራሱ በቂ መምህር ነው።

፩. በአሚሮቹ ዘመን

የጀጎልን ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር መሆናቸው የታወቀ ነው። በአምስቱ በሮች ወርቅና ቡና፣ ጨውና ጨርቅ ብቻ ሳይሆን ደብዳቤም ይገባና ይወጣ ነበር። የሐረር ነጋዴ በዘይላና በበርበራ ወደብ ካሉት ደንበኞቹ ጋር የሚነጋገረው ከቅፍለት ጋር በሚላክ ወረቀት ነበር። አሚሮቹም ከጎረቤት ገዢዎች ጋር የሚጻጻፉት በዓረብኛ ሲሆን፣ የቃዲው ፍርድ ቤት መዝገብም የሚጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነበር። ሐረር በመጻሕፍት አጻጻፍና አጠራረዝ የታወቀች ከተማ ስለ ነበረች ጸሐፊ አልጎደለባትም። ዛሬም በራስ ተፈሪ ቤት ባለው በሸሪፍ ሙዚየም ከዚያ ዘመን የተረፉትን ጽሑፎች ማየት ይቻላል።

የዓረብኛው ደብዳቤ ሥርዐት የታወቀ ነው። በፈጣሪ ስም ይጀምራል፤ ከማን ወደ ማን እንደ ተላከ ይናገራል፤ ሰላምታና ምርቃት ያቀርባል። ከዚያም «አማ ባዕድ» የሚል ቃል ይመጣል፤ ትርጕሙም «ከዚህ በኋላ» ማለት ነው። ይህች አጭር ቃል እንደ በር ናት። ከእርስዋ በፊት ያለው ሰላምታ፣ ከእርስዋ በኋላ ያለው ጉዳይ ነው። አንባቢው ቸኵሎ እንደ ሆነ ወዴት ዐይኑን መጣል እንዳለበት ታሳየዋለች። በመጨረሻም በሂጅራ የተቈጠረ ቀን ይጻፋል፤ የላኪው ማኅተም ይታተምበታል።

ማኅተሙ ጌጥ አልነበረም። ፊርማ ባልተለመደበት ዘመን ደብዳቤው የእውነት ከባለቤቱ መምጣቱን የሚመሰክረው ማኅተም ብቻ ነበር። ይህ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

፪. በሐሰት የተጻፈው ደብዳቤ

ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ መኰንንና አገር አሳሽ በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ወደ ሐረር ገባ። ከዘይላ ሲነሣ እንደ ዓረብ ነጋዴ ለብሶ ነበር። ወደ ከተማይቱ ሲቃረብ ግን ሰዎች ስለ ተጠራጠሩት ማንነቱን ገልጦ እንደ እንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ መቅረብን መረጠ። መልእክተኛ ለመሆን ደግሞ ደብዳቤ ያስፈልጋል። እርሱም በዓደን ካለው የእንግሊዝ ሹም ለሐረር አሚር የተላከ የሚመስል ደብዳቤ በገዛ እጁ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ይህንንም ኋላ ባሳተመው መጽሐፉ ሳይደብቅ ተናግሯል።

አሚር አሕመድ ደብዳቤውን ተቀብለው አዩት፤ ፊደሉን ግን ሊያነቡት አልቻሉም። ስለዚህ ወረቀቱን ምንጣፍ ላይ አኑረው በቃል እንዲያስረዳ ጠየቁት። በርተንም በዓረብኛ ከዓደን ሰላምታ ይዞ መምጣቱን ነገራቸው። ዐሥር ቀን ያህል በከተማይቱ ተቀምጦ በደኅና ወጣ። በርተንን ያዳነው እንግዲህ የወረቀቱ ኀይል ሳይሆን በአፉ የተናገረው ዓረብኛ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ደብዳቤ የሚጻፈው ለተቀባዩ እንጂ ለጸሐፊው አለመሆኑ ነው። ተቀባዩ የማያነበው ደብዳቤ ምንም ያህል ቢያምር ምንጣፍ ላይ የሚቀር ወረቀት ነው። ሁለተኛው፣ ማንም ሰው የሌላውን ስም በወረቀት ላይ ሊጽፍ ስለሚችል፣ ማኅተምና ፊርማ፣ ቀንና ቦታ የግድ የሚያስፈልጉ መሆናቸው ነው። ዛሬ በአንዳንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም የሌለው ወረቀት ሲመለስብን እናጕረመርማለን፤ የማኅተም ጠባቂዎቹ ፍርሃት ግን ሥር የሌለው አይደለም።

፫. «እንዴት ሰንብተሃል» የሚለው ደብዳቤ

ሐረር ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. በግብፆች እጅ ከቈየች በኋላ ለአጭር ጊዜ ወደ አሚር አብዱላሂ ተመለሰች። በ1879 ዓ.ም. ግን ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት አሸንፈው ከተማይቱን ያዙ። ያ ዓመት በአውሮፓውያን ቍጥር 1887፣ በሂጅራም 1304 ነው። አንድ ከተማ በአንድ ዓመት ሦስት ቍጥር ነበራት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ሐረር ለሚጽፍ ሰው የየትኛውን ዘመን አቈጣጠር እንደ ተጠቀመ መግለጥ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ንጉሥ ምኒልክ ድሉን በዓደን ላለው የእንግሊዝ ሹም ያስታወቁት በደብዳቤ ነው። እንደ አገራችን ልማድ ደብዳቤው በመጀመሪያ የተቀባዩን ደኅንነት ይጠይቃል፤ ላኪውም በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና መሆናቸውን ይናገራል፤ የጦርነቱ ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ደብዳቤ ስለ ሥርዐቱ ብዙ የሚያስተምር ቢሆንም የአሸናፊው ቃል መሆኑን መርሳት አይገባንም። ድሉን ይናገራል እንጂ ጨለንቆ ላይ የወደቁትን የሐረር ሰዎች አይዘረዝርም። ደብዳቤ ምስክር ነው፤ የአንድ ወገን ምስክር ግን ነው።

የነገሥታቱ ደብዳቤ ሥርዐት እንዲህ ነበር። ማኅተሙ ከላይ፣ በወረቀቱ ራስ ላይ ይታተማል። ቀጥሎ የላኪው ስምና ማዕርግ ይጻፋል፤ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውም በዚህ ስፍራ ነው። ከዚያ «ይድረስ» የሚለው ቃል ከተቀባዩ ስም ጋር ይመጣል። ከዚያ የጤና ጥያቄ፣ ከዚያ ጉዳዩ፣ በመጨረሻም ደብዳቤው የተጻፈበት ከተማ፣ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ ይከተላል። ቅዱስ ጳውሎስ ለምእመናን የጻፋቸውን መልእክታት ያነበበ ተማሪ ይህን ሥርዐት አያጣውም። እዚያም የላኪው ስም ይቀድማል፣ የተቀባዩ ይከተላል፣ ሰላምታውም ከጉዳዩ በፊት ነው።

ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ መጋቢት 1898 ዓ.ም. ድረስ ሐረርን የገዙት መኰንን ወልደ ሚካኤል፣ ኋላ ራስ መኰንን፣ ብዙ ደብዳቤ ያጻፉና የተቀበሉ ሹም ነበሩ። ከእነዚያ መካከል አንዱን ልንጠቅሰው እንወዳለን። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከ1880 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተመላለሰ በሐረር ይነግድ ነበር። በ1891 እ.ኤ.አ. እግሩን ታምሞ ወደ አገሩ ሄደ፤ በማርሴይ ከተማም እግሩ ተቈረጠ። ይህን መከራውን ለራስ መኰንን በደብዳቤ አስታወቃቸው። ራስ መኰንንም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መለሱለት። ደብዳቤያቸው በአገራችን ወግ እንዴት ነህ ብሎ ይጀምራል፤ እርሳቸው በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና መሆናቸውን ይናገራል፤ ቀጥሎም የእግሩን መቈረጥ በመገረምና በኀዘን እንደ ሰሙ ይገልጣል። ራምቦ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሞተ።

እግሩ ለተቈረጠ ሰው «እንዴት ነህ፤ እኔ ደኅና ነኝ» ብሎ መጀመር ለአንዳንድ ሰው ባዶ ልማድ ሊመስለው ይችላል። ለእኛ ግን እንዲህ አይታየንም። የታላቅ አውራጃ ገዢ ለአንድ የባዕድ አገር ነጋዴ፣ ሌላውን ሁሉ አቈይቶ በመጀመሪያ ሰው መሆኑን አስታውሶ ጤናውን መጠየቁ ነው። የሰላምታው ሥርዐት ለዚህ የተሠራ ነው።

ራምቦ ራሱ ከሐረር ለእናቱና ለእኅቱ ይጽፋቸው የነበሩት ደብዳቤዎች በፈረንሳዮች ሥርዐት የተጻፉ ናቸው። በራሳቸው ላይ «ሐረር» የሚለው ስምና ቀኑ ይቀድማል፤ ከዚያ ቤተ ሰቡን «ውድ ወዳጆች» ብሎ ይጠራና ወዲያው ወደ ጉዳዩ ይገባል። በአማርኛው ደብዳቤ ግርጌ የሚገኘው ቦታና ቀን በፈረንሳይኛው ራስጌ ላይ ይገኛል። ዛሬ እኛ ቀኑን ከላይ በስተ ቀኝ የምንጽፈው ከዚህ ከአውሮፓ ልማድ የመጣ ነው።

፬. አንቀጽ 17፤ በገዛ ስም የመጻፍ መብት

ስለ ደብዳቤ የሚናገር ሰው የውጫሌን ውል ሊያልፈው አይችልም። በታሪክ ክፍል ይህን ውል ስንማር ስለ መሬትና ስለ ጦርነት እንማራለን። የጠቡ ሥር ግን የደብዳቤ ነገር ነው።

ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በአማርኛው አንቀጽ 17 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በኢጣልያንኛው ግን ይህ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ያን ጊዜ ደጃዝማች የነበሩት የሐረሩ ገዢ መኰንን በዚያው ዓመት መልእክተኞችን እየመሩ ወደ ሮማ ሄደው ነበር። ኢጣልያም በዚህ አንቀጽ ተደግፋ ኢትዮጵያ በእርስዋ ጥበቃ ሥር እንደ ሆነች ለዓለም አስታወቀች።

ይህ እንዴት ተገለጠ? በደብዳቤ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጽፈው ነበር። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1890 እ.ኤ.አ. ሲመልሱ ወደ ፊት መልእክቱ በኢጣልያ መንግሥት በኩል እንደሚያልፍ አስታወቁ። ይህ ማለት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በገዛ ስማቸው «ይድረስ» ብለው መጻፍ አይችሉም ማለት ነበር።

ምኒልክም በ1883 ዓ.ም. መጀመሪያ የአማርኛው ቃል ግዴታ እንደሌለበት ለኢጣልያ ንጉሥ ለኡምቤርቶ ጻፉ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የአገራቸውን ወሰን የሚገልጥ ደብዳቤ ለአውሮፓ ነገሥታት በየስማቸው በቀጥታ ላኩ። በ1893 እ.ኤ.አ. ደግሞ ውሉን እንዳፈረሱት በደብዳቤ አስታወቁ። ደብዳቤው ስላልተሰማ ነገሩ በጦር ተፈጸመ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ፍርዱ ተሰጠ። ከዘመቱትም አንዱ የሐረርን ጦር የመሩት ራስ መኰንን ነበሩ።

እንግዲህ የአገር ነጻነት ማለት በአንድ በኩል ሲታይ ይህ ነው፤ በራስ ስም መጻፍ፣ ለፈለጉት ሰው በቀጥታ መላክ፣ የጻፉትንም ቃል ሌላ ሰው እንዳይለውጠው መጠበቅ። ለአንድ ሰውም ነገሩ እንዲሁ ነው። በከተማችን በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ገንዘብ እየተቀበለ ለሌላው የሚጽፍ ራፖር ጻፊ አለ። ሥራው የተከበረ ነው፤ ብዙ መበለትና ብዙ ገበሬ መብቱን ያገኘው በእርሱ ብዕር ነው። ነገር ግን ጉዳዩን በራሱ መጻፍ የማይችል ሰው ምን እንደ ተጻፈለት አያውቅም። «እለምናለሁ» ሊል ፈልጎ «አምናለሁ» ተብሎ ቢጻፍበት ፊርማውን ወይም የጣቱን አሻራ ያኖርበታል። እንዲህ ያለው ሰው በገዛ ኑሮው ውስጥ አንቀጽ 17 አለበት እንላለን።

፭. ቴምብርና ባቡር

ደብዳቤ ቢጻፍም ካልደረሰ ዋጋ የለውም። በቀድሞው ዘመን መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ በእግሩ ይጓዝ ነበር። ራምቦ ከዘይላ እስከ ሐረር በፈረስ የተጓዘው ሃያ ቀን ነው። በ1886 ዓ.ም. (1894) ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም አዘዙ። በፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ነበሩ፤ ከሩብ ገርሽ እስከ 16 ገርሽ ይደርሱ ነበር። አራቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ ሦስቱ የይሁዳ አንበሳ ያለባቸው ናቸው። በመጀመሪያ የፖስታ ሥራ ከተጀመረባቸው ስፍራዎች አንዷ ሐረር ናት።

ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች ቴምብሩ ከድንበር ወዲያ አይታወቅም ነበር። ከሐረር ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳይ ቴምብር ጭምር ያስፈልገው ነበር። ይህም ከአንቀጽ 17 ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው፤ የራስ ቃል በሌላ ሰው ምልክት ሲያልፍ። አገራችን በጥቅምት 1901 ዓ.ም. የኅብረቱ አባል ስትሆን ይህ ቀረ። ከዚያ አስቀድሞም በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ድሬ ዳዋ ስለ ደረሰ የሐረር ደብዳቤ ወደ ባሕር ለመድረስ ቅፍለት መጠበቅ አላስፈለገውም።

፮. ከሐረር እስከ ጄኔቭ

በሐረር አጠገብ በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ተፈሪ መኰንን በሐረር ሳሉ ፈረንሳይኛ ከአባ ሳሙኤልና ከካፑቺኖቹ ሚሲዮናዊ ከአባ አንድሬ ዣሮሶ ዘንድ ተምረዋል። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጆች ስለሆንን ይህን ስናነብ ደስ ይለናል። በልጅነት የተማሩት ያ ቋንቋ ኋላ ለአገር ጉዳይ ዋለ። አልጋ ወራሽ በነበሩበት ጊዜ በ1923 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል እንድትሆን በደብዳቤ ተጠየቀ፤ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. አገራችን ተቀባይነት አገኘች።

ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዝና ኢጣልያ ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ ስለ ጣና ሐይቅ ውሃና ስለ ባቡር መንገድ ተጻጻፉ። አልጋ ወራሹም በሰኔ 1918 ዓ.ም. ለማኅበሩ የተቃውሞ ደብዳቤ ላኩ። በጨዋ አነጋገር የተጻፈ ቢሆንም ነገሩ ግልጥ ነበር፤ አባል የሆነ መንግሥት ሳይጠየቅ በሀብቱ ላይ ስምምነት መደረጉ ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው። ሁለቱ መንግሥታትም ኢትዮጵያን የማስገደድ አሳብ እንደሌላቸው ለማስታወቅ ተገደዱ።

ደብዳቤ ግን ሁሉን ነገር አይችልም። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ስትወር የተላኩት ደብዳቤና ቴሌግራም ሁሉ ጦሩን አላቆሙትም። ሆኖም በሥርዐት የተጻፈው ቃል ቀንና ፊርማ ይዞ በመዝገብ ስለ ቀረ፣ በደለኛው ማን እንደ ነበረ ዓለም ሊክደው አልቻለም። ይህም ዋጋው ትንሽ አይደለም።

፯. የዛሬው ሥርዐት

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች የሚተርፈው ምንድን ነው? ደብዳቤ ሁሉ አምስት ጥያቄ መመለስ አለበት እንላለን፤ ማን ጻፈ? ለማን ጻፈ? ከየት ጻፈ? መቼ ጻፈ? ምን ፈለገ? ከዚህ በቀር ያለው እንደ ደብዳቤው ዐይነት ይለያያል።

የግል ደብዳቤ ለዘመድና ለወዳጅ የሚጻፍ ነው። ከላይ በስተ ቀኝ ቦታውና ቀኑ ይጻፋል። ከዚያ ተቀባዩ እንደ ክብሩ ይጠራል። ለአባት፣ ለእናት፣ ለአጎትና ለአስተማሪ «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ወይም «አንቺ» ተብሎ አይጻፍም፤ በቤት ውስጥ በፍቅር «አንቺ» የምንላት እናት እንኳ በደብዳቤ ብትከበር ያምራል። ምሳሌውም እንዲህ ነው።

ሐረር፣ ጥቅምት 5 ቀን 20.. ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ ለአቶ እገሌ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እናቴ፣ አያቴና ታናናሾቼ እንደምን አሉ? ጎረቤቶቻችንንም ሁሉ እጅ ንሡልኝ።

ከዚህ በመቀጠል፣ የላኩልኝ ገንዘብ በደኅና ደርሶኛል። ፈተናችን በሚመጣው ወር ስለሚጀመር ለበዓል መምጣት አልችልም።

አክባሪ ልጅዎ
እገሌ

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን የጎረቤትና የዘመድ ሰላምታ ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። አሳባቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለት ገጽ ሰላምታ ጽፎ ጉዳዩን በአንዲት መስመር የሚጨርስ ሰው አለ። ነገር ግን አንድ ነገር ይታሰብ። በገጠር ያለች አያት ደብዳቤውን የምትሰማው ፊደል ከሚያውቅ ልጅ አፍ ነው። ሲነበብ ቤተ ሰቡና ጎረቤቱ ተሰብስቦ ያዳምጣል። እያንዳንዱ የገዛ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል፤ ስሙ ያልተጠራ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለዐይን ብቻ ሳይሆን ለጆሮም ይጻፋል። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ በሰው ፊት ሊነበብ የማይገባ ምሥጢርም አይጻፍበት። «ከዚህ በመቀጠል» የሚለውም ቃል የጥንቱን «አማ ባዕድ» ሥራ ይሠራል።

የሥራ ደብዳቤ ወይም ማመልከቻ ግን ሌላ ነው። የመሥሪያ ቤት ሹም በቀን ብዙ ወረቀት ስለሚያይ የቤተ ሰብ ሰላምታ አይጠብቅም። እዚህ አክብሮት የሚገለጠው በማሳጠርና ነገሩን ግልጥ በማድረግ ነው።

ጥቅምት 5 ቀን 20.. ዓ.ም.

ለ… መሥሪያ ቤት
ሐረር

ጉዳዩ፦ የጽሕፈት ሥራ ስለ መጠየቅ

በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ የጽሕፈት ሠራተኛ እንደምትፈልጉ አንብቤያለሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በዚህ ዓመት ፈጽሜያለሁ። አማርኛና እንግሊዝኛ መጻፍ እችላለሁ። የትምህርት ማስረጃዬን 2 ገጽ ከዚህ ጋር አያይዤ ስላቀረብሁ፣ ለፈተና እንድጠራ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
(ፊርማ)
ሙሉ ስም፣ አድራሻና የስልክ ቍጥር

መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ሲጽፍ ደግሞ ከቀኑ በላይ የደብዳቤው ቍጥር፣ ከፊርማው ጋር የሥራ ማዕርግና ማኅተም፣ በግርጌው «ግልባጭ» ተብሎ ሌሎች ተቀባዮች ይጻፋሉ። ቍጥሩ ያስፈለገው መልሱን የሚጽፈው ሰው «በቍጥር ይህን ያህል በቀን ይህን ያህል ለተጻፈው» ብሎ እንዲጠቅሰውና ነገሩ በመዝገብ እንዳይጠፋ ነው። «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ደግሞ ሹሙ ሙሉውን ሳያነብ ወረቀቱ ወደሚመለከተው ክፍል እንዲመራ ያደርጋል።

ሌሎችም ጥቂት ምክሮች አሉ። በስተ ግራ በቂ ኅዳግ ይተው፤ ወረቀቱ በፋይል ሲታሰር ፊደል እንዳይበላ። ፊርማው የማይነበብ ስለሆነ ከሥሩ ስም ይጻፍ። ቀኑ በዓመተ ምሕረት ይሁን በአውሮፓ አቈጣጠር ይገለጥ፤ ይህ በተለይ ወደ ውጭ አገር ለሚጽፍ ያስፈልጋል። በአንድ ማመልከቻ ሁለት ጉዳይ አይደባለቅ። በፖስታው ላይ የተቀባዩ የፖስታ ሣጥን ቍጥርና ከተማው ይጻፍ፤ የራሱ ሣጥን ለሌለው ሰው «በአቶ እገሌ በኩል» ማለት የቈየ መፍትሔ ነው። ከሁሉም በላይ የጻፉትን ቅጂ ማስቀረት ይገባል። ቅጂ ያላስቀረ ሰው የተናገረውን በሌላው መዝገብ ቤት ትቶ የሄደ ነው።

አንድ ጓደኛችን ባለፈው ዓመት ለአንድ ድርጅት ማመልከቻ ጽፎ ነበር። ማመልከቻው በጥሩ እጅ ጽሑፍና በመልካም ዐማርኛ የተጻፈ ነው። ሲመልሱለት ግን «መቼ እንዳስገባህ በምን እናውቃለን? ቀነ ገደቡ አልፏል» አሉት። ከቀነ ገደቡ በፊት ማስገባቱን እኛ ጓደኞቹ እናውቃለን፤ ተቀባዩ ክፍልም የገባበትን ቀን አልመዘገበለትም፤ የእኛ ምስክርነት ግን አላገለገለውም። ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው በቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ይዞ ቢሄድ እንዲህ ያለው በደል አይደርስበትም።

ዛሬ በኪሳችን ባለው ስልክ በአንድ ቅጽበት ወደ ዓለም ዳርቻ መልእክት መላክ ይቻላል። በዚህ ደስ ይለናል፤ ለሃያ ቀን መንገድ የሚናፍቅ የለም። ነገር ግን ፍጥነቱ አምስቱን ጥያቄዎች አላስቀራቸውም። በስልክ የሚላክ ማመልከቻም ማን፣ ለማን፣ ከየት፣ መቼ፣ ምን የሚለውን ካልመለሰ ምንጣፍ ላይ እንደ ቀረው የበርተን ወረቀት ነው።

ውድ አንባብያን፤ ወላጆቻችን ወደዚህ ትምህርት ቤት የላኩን ብዙዎቹ ራሳቸው ሳይማሩ ነው። ስለ እነርሱ ሌላ ሰው ሲጽፍላቸው፣ ሌላ ሰው ሲያነብላቸው ኖረዋል። የሠሩትን ውለታ የምንከፍልበት አንዱ መንገድ፣ የቤታችንን ጉዳይ በራሳችን እጅ፣ በሥርዐቱ፣ እውነቱን ሳንጨምርና ሳንቀንስ መጻፍ ነው። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም በክፍል ውስጥ የደብዳቤ ትምህርት ሲሰጥ ቀላል ነው ብለው እንዳይንቁት እናሳስባለን። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ ስማቸው «ይድረስ» ብሎ ለመጻፍ ሲሉ ዓድዋ ድረስ ዘምተዋል፤ ለእኛ ይህን መብት ለመጠበቅ አንድ ብዕርና አንድ ወረቀት ይበቃናል።